ተነቅሎም ደህና ነው

ፋዲላ፣ መስኮቱን ትንሽ ገርበብ አድርጊው እስቲ። የዛሬው የአዳማ ሙቀት ለብቻው ነው። ተይው፣ ተይው... አቧራው ገብቶ የሰው ላፕቶፕ ላይ ያርፋል። አቧራ የማይወድ ላፕቶፕ አለ እዚህ ቤት። ቀስ ብዬ ነው ደግሞ የማወራው፤ ማዳመጫ ጆሮው ላይ የሰካ ሰው አይሰማም... ይሰማል እንዴ?

ትናንት ቡልቡላ ዋልኩ። ምነው ጠቆርሽ እንዳትይኝ፣ ፀሐይ ነው። አጎቴ ኢተፋ ዘንድ ነበርኩ። ያንን የፓምፕ መቆጣጠሪያ ሳጥናችንን «ይግዙ፣ ዘመናዊ ነው፣ ራሱ ያበራል ራሱ ያጠፋል» ብዬ ያስገጠምኳቸው እኔ ነኝ። ምላሴ አያርፍም አይደል? «ራሱ ያጠፋል» ያልኩት እንኳ እውነት ሆነ። አጥፍቶ ቀረ። ቲማቲሙ አንገቱን ደፍቷል።

እኔ ታዲያ ምን አስደነገጠኝ? ስህተት መፈለጊያ ፕሮግራም ይዣለሁ። ያውም የተሻሻለውን፤ በየትኛውም ኮምፒውተር ይሠራል ተብሎ፣ ሆቴል ተደግሶ ለሠሪው ሰርተፊኬት የተሰጠበትን። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች... እኔም ሲሉ ሰምቼ አሮጌ ላፕቶፔን ታቅፌ ማሳ መሃል ቁጭ። ሳጥኑ ላይ ሰካሁት። አረንጓዴ። «ሁሉም ደህና ነው።»

ዘወር ብዬ «ደህና ነው» አልኳቸው። «ደህና ከሆነ ውሃው የታለ፣ ዱሬቲ?» አሉኝ። ያስተማሩኝ እኮ እሳቸው ናቸው። እንደገና ሞከርኩ... ደህና ነው። አጥፍቼ አበራሁ... ደህና ነው። በመጨረሻ ተናድጄ ኬብሉን ነቀልኩት። ኬብሉ እጄ ላይ ነው፣ ፋዲላ። «ሁሉም ደህና ነው» አለኝ።

አስተዳደግ ነው መቼስ። እኛ ኦሮሞዎች ዘንድ «አከም ጅርቱ?»፣ እንዴት ናችሁ ሲባል ላሙ የሞተችበትም መጀመሪያ «ነጋ»፣ ሰላም ነው የሚለው፤ መርዶው ቀስ ብሎ ይከተላል። የሠራው ሰው ጨዋ ስለሆነ ፕሮግራሙም ጨዋ ወጣ። እዚህ፣ በዚያ አቧራ በማይወደው በሠሪው ላፕቶፕ ላይ ብቻ፣ ትንሿን ጉድለት ሳትቀር ቀይ አድርጎ ያወጣታል። ከቤተሰቡ ጋር ነዋ። ሰው ፊት ግን... የቤት ገመና ይወጣል እንዴ?

ጥፋቱ የእኔ ነው። ስመለስ ገና ከመኪና እንደወረድኩ እዚሁ መጥቼ «ፕሮግራሙ ሳጥኑን ማንበብ ሲያቅተው ለምን አቃተኝ አይልም?» ብዬ ጠየቅኩ። ተጠቃሚው እንዳይደነግጥ ነው ተባልኩ። ይኸውልሽ፣ እኔ ይህን መች አሰብኩ? እኔ ብሆን «አቃተኝ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ለጥፌ ስንቱን ገበሬ አስደነግጥ ነበር። ለዚህ ነው ለእኔ ሰርተፊኬት የማይሰጡኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉን ኖሩ... ሽልማት ይገኝለታል ብሎ የነገረን ግን የለም።

አጎቴ እንኳ አልተቆጡም። «በሁለት ቀን ውስጥ ውሃ ካልመጣ ሳጥንሽን ፈትተሽ ውሰጂ። ከዚያ ወዲያ ስትመጪ ለምሳ ብቻ ነይ» ነው ያሉኝ። ለምሳ ብቻ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፣ አልዋሽሽም።

እና ነገ ማልጄ እሄዳለሁ። ያንን ላፕቶፕ ለአንድ ቀን ብጠይቅ... ቡልቡላ አቧራ አለ ተባልኩ። እውነት ነው፣ አለ። ባለቤቱስ አብሮኝ ቢመጣ? ኧረ የእኔ ነገር፤ ማሳ ውስጥ ምን ይሠራል? እዚያ የሚታየው የደረቀ ነገር ነው፤ ይደነግጣል።

በይ ልነሳ፣ መልቲሜትሬን፣ ያቺን የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ የት እንደጣልኳት ልፈልግ። እሷ እንኳ ያልሠለጠነች ናት፤ ያየችውን ትናገራለች። እንደ እኔ።

ያንን ጨዋ ሰው ግን ፈጣሪ ይጠብቅልን... እጁ ይባረክ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጠው። ሰው ነውና፣ አንድ ቀን አመም ቢያደርገው እንኳ... የሚመረምረው ሐኪም ልክ እንደ እሱ ሩኅሩኅ ይሁንለት፤ ሰው ማስደንገጥ የማይወድ።

አሜን በይ እንጂ፣ ፋዲላ።