ኪስ ውስጥ የከረመ ንጉሥ

ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንድ ወጣት ተቀምጠዋል። ሽማግሌው መስመር የተሰመረበት ቀይ ጨርቅ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ከቀንድ የተጠረቡ መጫወቻዎች ይደረድራሉ።

«አያ፣ ይኼ ቼዝ ነው?»

«ሰንጠረዥ ነው፣ የጥንቱ። እናንተ ተራ ትጠብቃላችሁ። እኛ ግን የመጀመሪያው መጫወቻ እስኪበላ ሁለታችንም እኩል እንዘምታለን።»

«ሸጋ ነው! ምነው ታዲያ ንጉሡ አንድ ብቻ ሆነ?»

«ሌላውን ጓደኛዬ በኪሱ ይዞት ሄደ።»

«ምን አድርገውት?»

«ሠራዊቱ አልቆ ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይገደልም፤ ደንብ ነው። እኔ ሰው ከቦን ሲያጨበጭብ ሞቅ ብሎኝ ገደልሁበት።»

«በዚህ ተኳረፋችሁ?»

«ሃያ ዓመት።»

«አይ አያ! ዛሬስ ወዴት ነው?»

«እሱው ዘንድ። ሚስቱ ሞተች፤ ልጆቹም ርቀዋል። ብቻውን ቀርቷል አሉኝ።»

«ንጉሡን ጥሎት ቢሆንስ?»

«ትናንት ደወልሁለት። ድምፄን ሲሰማ ‹ንጉሡ አለ፤ ሠራዊቱን ይዘህ ና› አለኝ።»

ላርመው ብዬ ጭኔ ላይ የዘረጋሁት የተማሪ ደብተር አምባ ጊዮርጊስ እስክንደርስ አንድም ገጹ አልተገለጠም።