የብሬመን ፓፓያ

እዚህ እንቀመጥ አበልጄ ኢሲልማ፣ ማራገቢያው ሥር። ከጉያቭ እስከዚህ በዚያ አውቶቡስ ተንገጫግጨሽ መጥተሽ ባርኔጣሽ ንቅንቅ እንኳ አላለም። አዲስ ነው? ያምርብሻል። እኔ ያችኑ የቀብሩን ነው ያደረግኩት፤ ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ፣ ሌላ ባርኔጣ ጭንቅላቴ አልቀበል አለ። ዝናቡስ ዘንድሮ ምን ነካው? ማንጎው ግን ጥሩ ይዟል ይላሉ። ዛሬ ወደቡ ላይ ሁለት የቱሪስት መርከብ ቆሟል፤ ለዚህ ነው ከተማው በሙሉ የፀሐይ ቅባት የሚሸተው።

እንዴ፣ የተቀመጥነው ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ነው? አላስተዋልኩም። ነፋሱ ደስ ስላለኝ ነው። የምናወራው ወደ ውስጥ ይሰማል ብለሽ ነው? ይሰማ እንጂ፤ እኛ ምን ክፉ ነገር እናወራለን? ሰው ልናመሰግን ነው የመጣነው።

ሰሌዳውን አነበብሽው? «እውነተኛ የአውሮፓ ምግብ»። እኔ እንጃ... ምግብም እንደ ምስክር ሳይምል አይበላም እንዴ ዘንድሮ? ከሥሩ የምግብ ቤቱ ባለቤት ስሟን ጽፋለች፣ እንደ መርከብ ስም አግዝፋ። እኔ አልጠራውም፤ የተጻፈ ነገር መድገም ምን ያደርጋል። ጠረጴዛዎቹን ግን እያቸው፣ መጋረጃውን እይው። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚሉ ሰዎች ሐሰታቸውን ነው፤ ይኸው እንዴት አድርጎ አድምቋታል።

እጇ ይባረክና፣ እንዴት ያለች ጎበዝ ናት? የኔ ቲዮፊለስ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ሳወርክራውት የሚሉትን የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን ለመማር አሥራ አንድ ዓመት በሙዝ መርከብ ወጥ ቤት ተንገላቷል። ጀርመን አገር፣ ብሬመን በደረሰ ቁጥር ከወደቡ ጀርባ ሂልደጋርድ የሚባሉ አሮጊት ቤት እየሄደ፣ በር ላይ በረዶ ውስጥ ቆሞ ጎመን ሲከትፍላቸው ይውል ነበር። ሁለት ጣቱ ያኔ ደንዝዞ፣ እስኪሞት አልተመለሰለትም። እሷ ግን... ከዚህች ደሴት ሳትወጣ፣ አንድ ጣቷ ሳይደነዝዝ። አሥራ አንድ ዓመት የፈጀበትን በዘጠኝ ሌሊት። ይህ ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው?

ዘጠኝ ያልኩት እንዲያው ለአፌ ነው። ዘጠኝ ሲባል የሱ የለቅሶ ሌሊቶች ትዝ እያሉኝ። አንቺም ነበርሽ፤ ወንዶቹ ደጅ ዶሚኖ ሲያንኳኩ፣ ሴቶቹ መዝሙር ሲያወርዱ፣ ሩሙ ሲንቆረቆር፣ ማን ነበረች ወጥ ቤቴን አንድም ሌሊት ያልለቀቀችው? «አንቺ አልቅሺ፣ እኔ አለሁልሽ» እያለች ድስቱን፣ ሳህኑን፣ መደርደሪያውን፣ መሳቢያውን ሳይቀር ያጠበችልኝ? መሳቢያ የሚያጥብ ለቅሶ ደራሽ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ከሷ በፊት አላየሁም። ለቅሶዋስ... ከኔ ይበልጥ ነበር እኮ። ድስት ጥዶ ማልቀስ ምን ያደርጋል ይላሉ፤ ለካ ያደርጋል፣ ምግብ ቤት ያስከፍታል። እኔ ባሌን ነው ያጣሁት፤ እሷ ምን እንዳጣች እስከ ዛሬ አልገባኝም። ምን እንዳገኘች ግን... አሁን በሳህን ሊቀርብልን ነው።

የቲዮፊለስ የምግብ አሠራር ደብተር የጠፋው በዚያው ሰሞን ነው። ያ ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ ዘይት ጠጥቶ ያበጠው። መጀመሪያ ፍየሏን ጠረጠርኩ። ምስኪን፤ ሦስት ቀን ሙሉ ጭራሮ ይዤ በጠጧን ስፈትሽ ሰነበትኩ። ቀጥዬ ነፋሱን ጠረጠርኩ። ሰው መጠርጠር ግን ኃጢአት ነው አይደል?

ስለ አሠራሩ ብዬ እንዳይመስልሽ። አሠራሩን እጄ ያውቀዋል። የሱ ጽሕፈት ሌላ ቦታ ስለሌለ ነው። መርከብ ላይ ሳለ አንድ ደብዳቤ ጽፎልኝ አያውቅም፤ ሻርፕ ይልካል፣ ሳሙና ይልካል፣ ወረቀት የለም። እንደ ዓሣ መንጠቆ የሚቆለመሙ ፊደሎቹ ያሉት እዚያ ደብተር ላይ ብቻ ነው። ጨውና ኮምጣጤ ይሁን የተጻፈው፤ እኔ ምን ቸገረኝ? እጁ ነው። ማታ ማታ ገለጥ አድርጌ የማየው አንድ ነገር እንኳ...

ተይው። ይኸው መጣልን። እሰይ። አመሰግናለሁ ልጄ፣ እዚህ ጋ አስቀምጠው።

አትሳቂ ኢሲልማ። አዎ፣ ፓፓያ ነው። አረንጓዴ ፓፓያ፣ እንደ ጎመን ተከትፎ። አስተናጋጁ ምን እንዳለ ሰማሽው? እመቤቲቱ እንዳስተማረችው፣ በብሬመን ከጥንት ጀምሮ በየጓሮው ያለ ነው። በየጓሮው። ፓፓያ... በረዶ ለብሶ። ኧረ በእግዚአብሔር፣ ዋጪው፤ ውሃው በአፍንጫሽ ሊወጣ ነው።

ቲዮፊለስ እኮ ፓፓያ የከተፈው ጎመኑ በዚህ ሙቀት ሳይኮመጥጥ እየበሰበሰ ስላስቸገረው ነው። ጓሯችን ውስጥ ፓፓያ ነበር፣ እሱን ቆረጠ። የጥድ ፍሬ ከየት ያምጣ? ቅርንፉድ ጨመረ። ድንቹንም ትቶ ከዛፍ የሚለቀመውን የዳቦ ፍሬ ፈጨ። «ሂልደጋርድ ቢያዩኝ በማማሰያ አናቴን ይሉኛል» እያለ ብቻውን ይስቅ ነበር። ደብተሩም ላይ «ጎመን» ብሎ ጽፎ፣ ሰርዞ፣ ከላዩ «ፓፓያ» ብሏል። እና ይህች የተባረከች ደግሞ እውነተኛውን የአውሮፓ ምግብ ስትፈልግ ያንኑ ፓፓያ፣ ያንኑ ቅርንፉድ፣ ያንኑ የዳቦ ፍሬ ብሬመን ላይ ማግኘቷ... መቼም ዓለም ጠባብ ናት።

መደርደሪያው ላይ ያስቀመጠችውን ጥቁር ድንጋይስ አየሽ? በብርጭቆ ሣጥን ውስጥ ያለውን? «ከራይን ወንዝ የመጣ የጎመን መጫኛ»። እኛ እኮ ያለ እውቀት ነው የኖርነው። የጉያቭ ልጆች ውሻ የሚያባርሩበት ድንጋይ ሁሉ ከራይን መምጣቱን ባውቅ ኖሮ፣ ባሕሩ ዳር ስሄድ ጫማዬን አወልቅ ነበር።

ቅመሺው በይ። ቀስ ብለሽ...

ልንገርሽ? ባለፈው ሳምንት ብቻዬን መጥቼ ነበር። የመጀመሪያዋን ጉርሻ ስውጥ፣ እሱ ይህ ባዶ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። እጅጌውን ጠቅልሎ። «ቅርንፉዱ አንድ ፍሬ አንሷል» ሊለኝ ከንፈሩን ሲያሾል አየሁት። አለቀስሽ ወይ በይኝ እስኪ? ሳቅ ነው የቀደመኝ። ሰው ባሏን መቃብር ሄዳ ትጠይቃለች፤ እኔ ከቋሊማ ጋር ቀረበልኝ። እዚህ ቤት ገብታ ባሏን በሳህን ያገኘች ሌላ ሴት አለች? ታዲያ እንዴት አላመሰግናት?

ከዚያ በኋላ ነው ጨዉ የመጣው። አንቺም ጋ ደረሰ መሰለኝ፤ ፊትሽ ተቀየረ። ውሃ ላስቀዳልሽ? ጥግ ላይ ያሉትን ጀርመናዊ ሽማግሌ እያቸው፣ አራተኛ ብርጭቆአቸው ነው። ቅድም በሩን ገፋ አድርጋ «እንደ አገርዎ ነው?» ስትላቸው «ባሕሩን አስታወሰኝ» አሏት። እንዴት ደስ አላት መሰለሽ። የጨዋ ልጅ ናቸው፤ ሲሳቀቁ እንኳ ፈገግ ብለው ነው።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ቲዮፊለስ ለሙቀቱ ሲል ጨዉን እጥፍ ያደርገዋል፤ እሱን ጽፎታል። ከዚያ በኋላ፣ ድስት ከመግባቱ በፊት ያለው ሥራ ግን የኔ ነበር። የሚስትን ሥራ ደግሞ ማን ይጽፈዋል? አልተጻፈም። ባልተጻፈ ነገር እኔ አፌን አልከፍትም። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባል የለ? ባለቤቷ ደግሞ እሷ ናት፤ ሰሌዳው ላይ አለ። አሁን በዚህ ዕድሜዬ ቡዳ ልባል?

ቅዳሜ የቱሪስት መርከቡ ኩባንያ ሰዎች ሊቀምሱ ይመጣሉ አሉ። ከወደዱት እንግዶቻቸውን በሙሉ ወደዚህ ሊልኩላት። እኔም እኮ ብረዳት ደስ ይለኝ ነበር፣ እሷ እኔን የረዳችኝን ያህል። ችግሩ ይህ ጭንቅላቴ ነው፤ እሱ ከሞተ ወዲህ ምንም አይዝልኝም። ያ ሰማያዊ ደብተር ፊቴ ቢሆን... የተጻፈውን ሳይ ያልተጻፈውም ትዝ ይለኝ ነበር። ነፋስ የወሰደው ነገር ደግሞ ነፋስ ይመልሰዋል ይባላል፤ እኔ ነፋሱን የት ወስደህ አኖርከው ብዬ አልጠይቀውም። አንዲት ቃል እንኳ።

ምንድን ነው የተሰበረው? ሳህን? አይዟት። ድምፄን ከፍ አደረግኩት እንዴ? ይህ ማራገቢያ እኮ ያደነቁራል።

ከበሩ ሥር ወደምታየው ጫማ እንዳትመለከቺ። ቀይዋ፣ ተረከዟ የተበላው። ቆማ ነበር... አሁን ሄደች። አንቺ ብይ። የዳቦ ፍሬው መልካም ነው፤ ጨው አልነካውም። ያቺ የልጅሽ ልጅስ ትምህርት ቤት ገባች? አድጋለች በይኛ። ሳቋ የአያቷ ነው።

አቤት ልጄ? ለኛ? ወደ ቤት የምንወስደው? ኧረ እኛ ምንም አላዘዝንም። እመቤቲቱ ናት የላከችው? ደግ ናት፣ ደግነቷን እኮ አገር ያውቀዋል።

እስኪ ያዢልኝ ኢሲልማ። አይከብድም። ትኩስም አይደለም። አራት ማዕዘን ነው... ፓፓያ አራት ማዕዘን ይሆናል እንዴ? የብሬመኑ ይሆን ይሆናል። ከላይ በናፕኪን ሸፍናዋለች። ቆይ፣ ጠርዙን ብቻ...

ሰማያዊ ነው።

አይ፣ እዚህ አልከፍተውም። ደህና ነኝ። ጨዉ ነው ዓይኔ የገባው። የአውራ ጣቱ ቅባት ይኸው እዚህ ጥግ ላይ አለ፣ እንዳለ ነው፣ እሱንስ አላጠበችውም። መነጽሬን እቤት አደርጋለሁ፤ ቡና ቤቱ ጋ ሳንቆም ቀጥታ እንሂድ፣ እሺ? አውቶቡስ ውስጥ ጭኔ ላይ እይዘዋለሁ።

ይገርምሻል፣ ይኸው አሁን ትዝ አለኝ። ሦስት ውሃ ነው። ፓፓያው ከማሰሮው ሲወጣ በሦስት ውሃ ይታጠባል፤ የመጀመሪያው ለብ ያለ፣ ሁለቱ ቀዝቃዛ። ከዚያ በእጅ ይጨመቃል፣ እንደ ሕፃን ልብስ፣ ሳይጨክኑ። ይኸው ነው የኔ ሥራ፤ ሠላሳ ዓመት ይህን ሠራሁ። ለምን እንደምነግርሽ እንጃ፣ አንቺ እንደሆነ ፓፓያ አትወጂም። ግን ጮክ ብዬ ነገርኩሽ አይደል? ጥሩ። ለማጠብማ ማን ይታማል፣ እዚህ ቤት ለማጠብ የተፈጠረ እጅ አለ።

በይ ተነሺ፣ ባርኔጣሽን አስተካክይ። የበሉበት ቤት ሳይመረቅ አይወጣም። እግዚአብሔር ቤቷን ይሙላላት። ቅዳሜ የሚመጡትን ሰዎች ጣታቸውን ያስቆርጥምላት። መቶ ዓመት ትኑርልን፣ ጥርሷ ሳይወልቅ፣ ዓይኗ ሳይፈዝ። ቀኗ ሲደርስም... አሁን አይደለም፣ ሩቅ ይሁን... ዘጠኙ ሌሊቷ የሰው ጎርፍ ይሁን፤ ልጆቿ ደጅ ተቀምጠው ሲያለቅሱላትም፣ ልክ እንደሷ ያለች፣ «እኔ አለሁላችሁ» ብላ ወጥ ቤቷን ከነመሳቢያው የምታጥብ አንዲት ደግ ሴት አያሳጣቸው።

አሜን በይ እንጂ አበልጄ።