እግር ያልታየበት ሽምግልና

ጎጃም፣ ቀይ አፈር አገር፤ ወይዘሮ ጥሩዓለም ለልጃቸው ለይልቃል ያጩለትን ዝይንን፣ እግሩ ያበጠ አባቷን ደግፋ ጤና ጣቢያ ስታስገባ አይተው፣ እስክትወጣ ጠብቀው በሩ ላይ ይዘዋታል።

ጥሩዓለም፦ አትሽሺኝ! ያ የገባው አባትሽ አይደለም?

ዝይን፦ ነው። ማን አይደለም አለ?

ጥሩዓለም፦ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ጋቢውን እስከ መሬት ለቆ የተቀመጠው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

ዝይን፦ በርዶት ነበር፣ እማማ።

ጥሩዓለም፦ በሚያዝያ?

ዝይን፦ እሺ፣ አፍሮ ነው።

ጥሩዓለም፦ እኛ እኮ ሰባት ቤት ቆጥረን፣ ዘር አጣርተን ነው የመጣነው! ዝሆኔ አለብን ያለን ሰው የለም።

ዝይን፦ የጠየቀም የለም። የጠየቁት የአያቶቼን ስም ብቻ ነው።

ጥሩዓለም፦ ምላስሽ! ይሄ የዘር ነው፤ ነገ በልጅ ልጆቼ እግር ላይ ይወጣል።

ዝይን፦ ዘር ብቻ ቢሆን እኔስ? ወንድሜስ? ከልጅነታችን ጀምሮ ጫማ ከእግራችን አልወጣም፤ ይኸው ደህና ነን።

ጥሩዓለም፦ አውልቂው እስቲ።

ዝይን፦ እዚህ መንገድ ላይ?

ጥሩዓለም፦ አውልቂ አልኩሽ! እህ... ያኛውንም።

ዝይን፦ አመኑኝ?

ጥሩዓለም፦ ለዛሬው ደህና ነው።

ዝይን፦ ነርሷ እንዳስረዳችን፣ ከዘር የሚመጣው እግራችን ለዚህ ቀይ አፈር ስስ መሆኑ ነው። የሚያብጠው ግን ዓመት ከዓመት በባዶ እግር አፈሩን ሲረግጡት ነው። ካልረገጡት ላይነካም ይችላል።

ጥሩዓለም፦ እሷ ምን ቸገራት፣ ልጅ የምትድር አይደለች! የኛ ዘር እንደሆነ ንጹህ ነው። ይልቃል ይኸው በባዶ እግሩ ያርሳል፣ ምን ሆነ?

ዝይን፦ በዘራችሁ አንድም ሰው የለም?

ጥሩዓለም፦ አንድም!

ዝይን፦ የሞቱት ወንድምዎስ? ያለ በቅሎ ከደጅ አይወጡም ነበር ሲባል ሰምቻለሁ።

ጥሩዓለም፦ እሱማ... ቁርጥማት ነበረበት።

ዝይን፦ እኛም የአባቴን ለዓመታት ቁርጥማት ስንል ኖረናል። ሲጀምረው ግን ሌሊት ሌሊት እግሩን ያሳክከውና ያቃጥለው ነበር።

ጥሩዓለም፦ ታዲያ ለእኔ ምን አስነገረሽ?

ዝይን፦ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ይልቃል አንዱን እግሩን በሌላው ሲያክ አየሁት። ቅዳሴው እስኪያልቅ አላቆመም። ሌሊትም እንዲሁ ያደርገዋል፣ እማማ?

ጥሩዓለም፦ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል! ማን ነገረሽ?