ሁለተኛው ኩሽኔታ

ከአይከል ወደ አዘዞ የሰርግ ድንኳንና ወንበር በተሳቢ ጭኜ እየመጣሁ፣ አንድ ሽማግሌ ሾፌር ባዶ ተሳቢያቸውን በክሪክ አንስተው አገኘኋቸው። «ምነው አያ?» አልኳቸው። «የጎማው ኩሽኔታ ተበላብኝ» አሉ። እኔ ደግሞ መለዋወጫ ሳልይዝ የማልወጣ ሰው ነኝ። የተሳቢያችን ዓይነት አንድ ስለሆነ ያለኝን አንድ ኩሽኔታ ሰጠኋቸው። መረቁኝና ተለያየን።

ብዙም ሳልርቅ የኔው ተሳቢ ጎማ ማፏጨት ጀመረ። ወርጄ ብነካው እጄን ለበለበኝ። ኩሽኔታው አልቆለታል። ድንኳኑ ዛሬ ካልተተከለ የነገው ሰርግ ሜዳ ላይ ነው፤ ባለሰርጎቹ ይደውላሉ፣ እኔ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ቸርነቴን እረግማለሁ። በዚህ መሀል ሽማግሌው ደረሱ። ጎማዬን አዩና የራሳቸውን ተሳቢ ጎማ መፍታት ያዙ።

«ኧረ ተዉ አያ፣ የሰጠሁትንማ መልሼ አልወስድም» አልኳቸው።

«አንተ ጭነሃል፣ እኔ ባዶ ነኝ። የጫነ ይቅደም፤ የሾፌር ወጉ ነው» አሉና ኩሽኔታውን አውልቀው ሰጡኝ። ተሳቢያቸውን እዚያው ዳር አቁመው፣ በመኪናው ብቻ ኩሽኔታ ፍለጋ ጎንደር ገቡ።

ድንኳኑ በጊዜ ተተከለ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ኩሽኔታ ይዤ ነው የምወጣው። አንዱ የኔ ነው። የሁለተኛውን ባለቤት መንገድ ላይ አገኘዋለሁ።