አራተኛው ብርጭቆ

ክቡር ከንቲባ፣ አባታችን፣ ከወንዙ ማዶ የመጣችሁ ዘመዶች፣ እናንተ ጎረቤቶቼ፤ እግዚአብሔር ያጽናን።

አሎይስ ቬንድሊንግን አረቄ አውጪያችን ብላችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ እሳቱን እያነደድኩለት ሠላሳ ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ። በየመኸሩ ፕሪማችንን በበርሜል አብላልተን ደጁ ላይ እንደረድራለን፤ እሱ በተራ ያወጣልናል። ማንን በደለ? የማንን አጎደለ?

ሃያ ዓመት ወደኋላ ልመልሳችሁ። አገራችንን የያዙት ጀርመኖች ልጆቻችንን በግድ ለጦራቸው ያዘምቱ ነበር። የአሎይስ አንድያ ልጅ ሴራፋን አልሄድም ብሎ ጣሪያ ሥር ድርቆሽ ውስጥ ተደበቀ። በዚያው መኸር አንድ ቀን አረቄ የማስወጣት ተራው የግዛቪዬ ኩንትዝ ነበር። ደንባችንን ታውቃላችሁ፤ መጀመሪያ የወረደችውን አረቄ ቤቱ ውስጥ ያለ ወንድ ሁሉ ይቀምሳታል። እኛ ሦስት ነን። የአሎይስ እጅ ግን እንደ ልማዱ አራት ብርጭቆ ደረደረ። አንዷን ልሸሽግ እጄን ሰደድኩ፤ ዘገየሁ።

«ለማን ነው ይቺ?» አለ ግዛቪዬ።

«እጄ ነው የተሳሳተው» አለ አሎይስ።

በማግስቱ ወታደሮቹ መጡ። ጓዳ አልፈተሹም፣ ምድር ቤት አልወረዱም፤ በቀጥታ ወደ ድርቆሹ ወጡ። ሴራፋንን ወደ ሩሲያ ላኩት፤ እዚያው ቀረ።

ጦርነቱ ሲያልቅ «ክሰሰው» አልነው። «ምስክሬ ማነው? ብርጭቆ?» አለን። ግን የግዛቪዬን ፕሪም ዳግመኛ አልነካም።

«ኧረ አሎይስ፣ ተራዬ መቼ ነው? በርሜሉ እኮ ተበላሸ!»

«ሴራፋን ሲመጣ።»

ሌላ መንደር ወስዶ እንዳያስወጣ፣ እዚያ ደግሞ «የመንደርህ አረቄ አውጪ ለምን እምቢ አለህ?» ብሎ የሚጠይቅ አለ። አሥራ ሰባት መኸር ፕሪሙን ተርብ ሲወረው አይተናል። እኔ ደስ ብሎኛል። መቃብር ላይ ቆሜ አልዋሽም።

አባታችን ትናንት «ስለ ይቅርታ ተናገር» ብለውኛል። አባቴ፣ ይቅርታው የእኔ ቢሆን ኖሮ ለእርስዎ ስል እሰጥ ነበር። ባለቤቱ ሳይሰጠው ሞተ። ሐሙስ ዕለት እጄን ጨብጦ «ስቀበር ያ ሰው ጠበል እንዳይረጭብኝ» አለኝ። ሌላ ኑዛዜ የለውም።

ይኸው፣ የጠበሉ መርጫ ቅጠል እጄ ላይ ነው። እየተቀባበልን እንረጫለን። አንተ ግን ግዛቪዬ፣ ከሰልፉ ውጣ። ዞር ዞር አትበል፣ አንተን ነው። ባርኔጣህን አድርግና ሂድ። እስክትወጣ እንጠብቅሃለን፤ አንቸኩልም።

ማንም እንዳይሰድበው። መንገድ ልቀቁለት።

አሎይስ ወንድሜ፣ ከመቃብሩ በር ወጥቷል። አሁን ተኛ። ደህና ሁን።