የእድሩ ጋን እና የጋሽ ዳዊት ወባ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ መጠጥ ያሸነፈውን ሰው ወይ ጠበል ይወስዱታል፣ ወይ ዘመድ ተሰብስቦ ይመክረዋል፣ እሱም ምክሩን ሰምቶ ሲያበቃ "አንጀቴን በላችሁት" ብሎ በዚያው ሊጠጣ ይሄዳል። በቃ፣ ሕክምናው ይኸው ነበር። እንደ ዛሬው ማገገሚያ ምናምን የሚባል ነገር ማን ያውቃል! ጻፊ እንግዲህ አንቺ፣ ዝም ብለሽ አትይኝ። ታዲያ በእኛ ከተማ፣ ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት፣ ከፒያሳ ወደ ሐይቁ ወረድ ብሎ ጋሽ ዳዊት የሚባሉ ጡረተኛ ድሬሰር ነበሩ። ምን ይሉ ነበር መሰላችሁ? "ዕድሜ ልኬን የሰካራም ግንባር ስሰፋ ኖርኩ፤ የሰፋሁትን በሳምንቱ ያንኑ ቦታ ተፈንክቶ ያመጣልኛል። ከእንግዲህ የምሰፋው ግንባሩን ሳይሆን ጉሮሮውን ነው" ይሉ ነበር። እና ቤታቸውን ለጠጪዎች ከፈቱት። መተው የፈለገ ሁሉ መጥቶ እዚያ ያድራል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ጎመን ይኮተኩታል፣ አንዱ አንዱን ይጠብቃል። ሰፈሩ "ደረቅ ቤት" ብሎ ስም አወጣለት። እኔ ደግሞ ወጥ ሠሪያቸው ነበርኩ። ጎረቤቱም እንዲሁ እጁን አይሰስትም፣ አንዱ ቆጮ ያመጣል፣ አንዱ ወተት ያመጣል፣ እድሩ እንጨት ይሰጣል።

ታዲያ በደርግ ጊዜ ሰው ተሰብስቦ ማደር ቀላል መሰላችሁ? የቀበሌው ሊቀመንበር ሽጉጡን ታጥቆ ከች አለ።

"ጓድ ዳዊት፣ ይሄ ሁሉ ወንድ እዚህ ምን ይሠራል?"

"ጠጪዎች ናቸው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"መጠጡስ የታለ?"

"የለም። አይጠጡም።"

"ጠጪዎች ናቸው... አይጠጡም..." አለና አገጩን ይዞ አሰበ፣ አሰበ። "ጓድ ዳዊት፣ መጠጥ የሌለበት የጠጪዎች ስብሰባ ፖለቲካ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?"

ስንት ተለምኖ ሄደ። ሲወጣ ግን ጋሽ ዳዊትን በጣቱ እያሳየ "አንተ ጴንጤ እንደሆንክ አውቃለሁ። ከዚህ ግቢ አንድ ቀን መዝሙር ብሰማ ቤቱ ታሸገ፣ አንተም ታሰርክ" አለ። ቸርቾቻችን በተዘጉበት ጊዜ ነው፣ ቀልዱን አልነበረም።

አሁን ወደ ወንድሜ ልምጣ። ማቴዎስ ታናሼ ነው፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። የሚነዳው መኪናውን ነው ትላላችሁ? አረቄው ነው እሱን ይነዳው የነበረው! ሚስቱ አበበች ቻለች፣ ቻለች፣ መጨረሻ ላይ ልጆቿን ይዛ ይርጋለም አባቷ ቤት ገባች። ያኔ ነው የደነገጠው። በራሱ እግር መጥቶ ደረቅ ቤት ገባ፣ እኔም ጌታን አመሰገንኩ። ታዲያ ገና ሲቃረብ አበበች ከመናኸሪያ በመንገደኛ መልእክት ላከች። ቃል በቃል ይኸው፦ "ለገና እመጣለሁ። አፉን አሸታለሁ። ካልሸተተኝ ልጆቹን ይዤ እመለሳለሁ፣ ከሸተተኝ ግን ልጆች ነበሩኝ ማለቱን ይተው።" አበበች ደግሞ ያለችውን ናት፣ ታውቋታላችሁ።

ማቴዎስ ማድቤት መጣ። "እትዬ፣ አዘቦቱን ችያለሁ፣ በዓሉን ግን እንዴት አደርገዋለሁ?" አለኝ። እውነቱን ነው። በበዓል ሰው አይለቅህማ! "ለዓመት በዓሉ አንዲት ብቻ፣ በሞቴ!" ይሉሃል። በሞቴ የምትባለዋ ቃል ስንቱን ገደለች መሰላችሁ! ስለዚህ ሰፈሩ መከረና "እነሱ ከሚወጡ በዓሉ ወደ እነሱ ይግባ" ተባለ። እድሩ በግ ገዛ። ማር ነጋዴዋ እትዬ ዘሃራ ደግሞ፣ ሙስሊም ናት፣ እጇ ሰፊ፣ "መጠጡን ለእኔ ተዉት፣ ብርዝ እበጠብጥላቸዋለሁ፣ እነሱም ዓመት በዓል ዓመት በዓል ይበላቸው እንጂ" አለች። ብርዝ ታውቃላችሁ አይደል? ማር በውሃ ተበጥብጦ ሳይፈላ የሚጠጣው፣ ጴንጤውም ሙስሊሙም የሚጠጣው።

ደግነቷን ተመልከቱልኝ። ግን ለዚያ ሁሉ ሰው የሚሆን ጋን የላትም። እና ከእድሩ ዕቃ ቤት ጋን ተዋሰች። በግራዋ ቅጠል አሽታ አጠበችው። ታዲያ ያ ጋን እኮ የሰፈሩ ሠርግ ሁሉ ጠጅ የተጣለበት፣ ጌሾ እስከ አጥንቱ የዘለቀው ጋን ነው! እሷ ጠጅ ቤቷ ገብቶ አያውቅ፣ በምን ታውቃለች? ቀናት አስቀድማ በጠበጠችው፣ አፉን አሰረችው፣ ይባስ ብላ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው። "ማሩ በደንብ እንዲሟሟ ብዬ ነው" ትላለች ኋላ ስትጠየቅ። ወይ ዘሃራ!

አሁን ደግሞ የቤቱን ሕግ ስሙ። የሚጠጣ ነገር ሁሉ ጋሽ ዳዊት ሳይቀምሱት የማንም አፍ አይገባም። እንደ አሳላፊ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ይቀምሳሉ፣ ከዚያ ይሰጣሉ። ጋሽ ዳዊት ደግሞ ከተወለዱ ጠጅ ቀምሰው አያውቁም! አያችሁ ጉዱን? ጠጅ የሚያውቁት አይቀምሱም፣ የሚቀምሱት አያውቁም። አንድ ሰው እንኳ "ቆይ እስቲ" ያለ የለም። ከጠጪዎቹ አንዱ፣ ባሻ ለገሰ የሚባል፣ ወታደር የነበረ፣ ነገረኛ ሰው ብቻ አንድ ቀን ጠይቋቸዋል።

"ጋሼ፣ ለመሆኑ ጠጅ ምን ምን እንደሚል ያውቃሉ?"

"መራራ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ" አሉት።

የገና ዕለት ሁሉም ታጥቦ፣ ተላጭቶ አግዳሚው ላይ ተደረደረ። ወጡን በዳጣ፣ በዚያ ነጭ ሽንኩርት በሚሸት የቃሪያ ማባያ፣ በሉ፣ በሉ፣ ጠገቡ። ከዚያ ጋኑ መጣ። በሻይ ብርጭቆ ነው የምንቀዳው፤ ብርሌ እዚያ ቤት አይገባም፣ ቅርጿን ሲያይ ባሻን እንባ ይቀድመዋል። ጋሽ ዳዊት መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉና ቀመሱ።

"ጣፋጭ ነው! ምላስ ትንሽ ይኮረኩራል እንጂ። ዘሃራ፣ ምን ጨመርሽበት?"

"ኧረ ምንም ጋሼ! የጫካ ማር ስለሆነ ነው፣ ይኮረኩራል።"

"እስቲ ደግሜ ላረጋግጥ።"

አረጋገጡ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው ሲቀዱ ለእያንዳንዱ ማረጋገጥ ሆነ። መጀመሪያ በመዳፍ ነበር፣ ኋላ መዳፏ ቀረችና በብርጭቆ ሆነ። "ኃላፊነት አለብኝ!" ይላሉ፣ ግጥም ያደርጋሉ። እህል አልቀመሱም እኮ፣ እንግዳ በልቶ ጠጥቶ ሳይጨርስ አይበሉም። እኔማ ከንጋት ጀምሬ ሽንኩርት ስከትፍ አፍንጫዬ ሞቷል፣ ምንም አልሸተተኝ። ዓመት ሙሉ "እህት ሣራ" ሲሉኝ የኖሩ ሰው "ሣራዬ!" ሲሉኝ ነው ክው ያልኩት። ጉንጫቸው በርበሬ መስሏል።

ልማዳችን ሁሉም ተቀድቶለት፣ ተጸልዮ ነው የሚጠጣው። እሳቸው ጸሎት ጀመሩ፣ ጸሎቱ ደግሞ አያልቅም፣ ከአዳም ተነስቶ ገና ኖኅ ዘንድ ነው። ወንዶቹ ብርጭቆ ብርጭቆአቸውን በሁለት እጅ አፍንጫቸው ሥር ይዘዋል። ለካ ሁሉም አውቀዋል! ሁሉም አውቀው ሁሉም ዝም ብለዋል! "ብርዝ ነው ተብሏል፣ ጋሽ ዳዊት ቀምሰውታል፣ እኛ ምን አገባን" ነው ነገሩ። ባሻ ለገሰ እንደዚያን ቀን ጸሎተኛ ሆኖ አያውቅም፣ ዓይኑን ጨፍኖ "አሜን! አሜን!" ይላል፣ ቶሎ እንዲያልቅ።

ያኔ ማቴዎስ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ጋሼ፣ ይሄ ጠጅ ነው" አለ።



"ዝም በል አንተ!" አለ ባሻ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። "ብርዝ ነው ተብሏል!"

"ጠጅ ነው እያልኩህ!"

"ጋሽ ዳዊት ቀምሰዋል! ከጋሽ ዳዊት ልትበልጥ ነው?"

አንድም ሰው ብርጭቆውን አላወረደም። ወንድሜ ምራቁን ሲውጥ አየሁት። ጋኑን ደግሞ እንደ ድሮ ወዳጁ ያየዋል። ጌታ ሆይ፣ አለቀ፣ ልጆቹን አጣ፣ አልኩ። ተነሳ፣ ሄደ፣ ጋኑን አቀፈው። "አንተም እንደ እኛ ነህ፣ ቢያጥቡህም አትረሳም" አለውና ብድግ አድርጎ ሊደፋው ሲል ጋኑ ከእጁ ሾልኮ ደረቱ ላይ ተገለበጠበት፣ ከዚያ መሬት ላይ ዷ! ከአንገቱ እስከ ጫማው በጠጅ ታጠበ። ባሻ ብርጭቆዋን አያት፣ አያት፣ "ለአፈር ይሁን" አለና ደፋት። ሌሎቹም አንድ በአንድ ደፉ። እህቱ ነኝ፣ ብዙ ጊዜ አፍሬበታለሁ፤ ያን ቀን ግን ኮራሁበት፣ አለቀስኩም።

ለቅሶዬን ሳልጨርስ ጋሽ ዳዊት አግዳሚው ላይ ወጡና መዝሙር ለቀቁት! ያውም ያ ድምፅ! ሐይቁ ማዶ ይሰማል። "ጋሼ ይተዉ! ጋሼ ይውረዱ!" ብንል ማን ሊሰማ። ወዲያው በሩ ተንኳኳ። "ክፈቱ! ቀበሌ!"

ባሻ ለገሰ ወታደርነቱ መጣበት። "ጓዶች! ጋሼን ሊወስዷቸው ነው! ስከሩ!" ብሎ አዘዘ።

እውነቴን ነው፣ "ስከሩ!" ነው ያለው። ሰከሩ! ጠብታ ያልቀመሱት ሰዎች ግማሹ ይንገዳገዳል፣ ግማሹ ያቅራራል፣ አንዱ ግድግዳ አቅፎ "እናቴ" ይላል። ስካርን ከእነሱ በላይ ማን ያውቃል? ጋሽ ዳዊትን ጎትተን ጋቢ ውስጥ ጠቀለልናቸው፣ አሁንም ያዜማሉ፣ ዘሃራ ድፎ ዳቦ አፋቸው ውስጥ ወተፈችላቸው። ማቴዎስ ደግሞ በዚያ በጠጅ በራሰ ሸሚዝ መሀል ገብቶ እስክስታ ይወርዳል።

ሊቀመንበሩ ገብቶ ቆሞ አየ። አሸተተ። ፊቱ ፈካ። "አሃ! አሁን ገና የጠጪዎች ስብሰባ ሆነ! መዝሙር ነው ብለው የነገሩኝኮ ይሄን ነው እንዴ? በሉ፣ መልካም በዓል!" አለ። ደስ ብሎት ዞር ሲል፣ ከኋላው ማን ቆማለች?

አበበች። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ይዛ።

ማቴዎስ አያት። እስክስታው ቢቆም ሊቀመንበሩ ይጠረጥራል፣ ጋሽ ዳዊት ያልቃሉ፤ ካላቆመ ሚስቱ ትሄዳለች። አላቆመም፣ ልጆች። እንባው እየወረደ ትከሻውን ይሰብቃል! ሰውየው ከግቢ እስኪወጣ ድረስ ጨፈረ። ከዚያ ብቻ ነው "አበበችዬ..." ያላት።

"መልሴን አገኘሁ" ብላ ወደ በሩ ዞረች።

ያን ጊዜ ሁሉም ባንድ አፍ "አልጠጣም! አልጠጣም!" አለ። አሁን ይንገዳገዱ የነበሩት ሁሉ ቀጥ ብለው ቆመው ይምላሉ። ሰካራም ለሰካራም ሲመሰክር ማን ያምናል? ዘሃራ "ወላሂ!" ትላለች፣ አበበች ወይ ፍንክች። እኔ ደሜ ፈላ።

"አንቺ! ምን ብለሽ ነበር የላክሽብን?"

"አፉን አሸታለሁ ብዬ።"

"ታዲያ ሸሚዙን አሽቺ ያለሽ ማነው?!"

ቆመች። ቃሏ ቃሏ ነዋ! ተመለሰች፣ ጆሮውን ይዛ ወደ ታች ሳበችው፣ "ክፈት" አለችው። እንደ ጥርስ ሐኪም ዘንድ አፉን ቧ አድርጎ ከፈተው። አሸተተች። ማንም አይተነፍስም፣ ባሻ እንኳ አይተነፍስም።

"ዳጣ" አለች። "ዳጣ ብቻ ነው።" እና ደረቱ ላይ፣ በዚያ ጠጅ በጠገበ ሸሚዝ ላይ፣ ተደፍታ አለቀሰች።

ጋሽ ዳዊትን ደግሞ ያስታመሟቸው እነዚያው ጠጪዎች ናቸው። አንዱ ውሃ ይሰጣል፣ አንዱ እግር ያጥባል፣ ያን በሽታ እንደ እነሱ የሚያውቅ ሐኪም የት ይገኛል? በማግስቱ ራሳቸውን ይዘው ተነሡና "ምን ሆኜ ነው?" ሲሉ ባሻ ለገሰ ቀደም ብሎ "ወባ ነው ጋሼ፣ ሲያቃዥዎት ነበር" አላቸው። ድሬሰር አይደሉ? "እኔም ጠርጥሬያለሁ" ብለው ክሎሮኪናቸውን ዋጡ! እስኪሞቱ ድረስ "የዚያን ገና ወባ ጣለኝና ወንድሞቼ አነሱኝ" እያሉ ሲመሰክሩ ኖሩ። አንዳችንም አልነገርናቸውም። ለምን እንነግራቸዋለን?

አበበችም በሳምንቱ ልጆቹን ይዛ መጣች። ይኸው ነው። የእሷ ነገር እንዲህ ነው፣ አንዴ አሸተተች፣ አንዴ አመነች፣ ጨረሰች።

(ከጓዳ፦) "ሁለቴ ነው ያሸተትኩት!"

ምን አልሽ አበበች? ጓዳ ሆነሽ ጆሮሽ እዚህ ነው እንዴ? አጠገብሽ ቆሜ አልነበር? አንዴ ነው!

"ሁለቴ ነው። አንቺ ጋሽ ዳዊትን ልታስተኚ ስትገቢ ነው ሁለተኛው።"

"ዳጣ ብቻ ነው" ካልሽ በኋላ ሁለተኛው ምን አስፈለገ?

"ሁለተኛውማ ለማሽተት አልነበረም።"

ኧረ ጉድ! ኧረ በጌታ! አንተ ማቴዎስ፣ እዚያ ጥግ ተኝተሃል ስንል ምን ያስቅሃል? አንቺ ልጅ፣ ይሄን ደግሞ እንዳትጽፊው!