የቆመው እንጨት ትምህርት

ዝናቡ መንገድ ላይ ባይዘኝ ኖሮ ይህን ክርክር አልሰማውም ነበር። ለመጠለል ዘው ያልኩት የጎረቤቴ የአናጢው ሱቅ ውስጥ ነው። እሱ የበር ሳንቃ ይልጋል፤ ልጁ የተቆለለ ሳንቃ ላይ ተቀምጣ አኩርፋለች።

“እንኳን መጡ መምህር፤ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን” አለኝ። “ይህች ልጅ ባሕር ማዶ ሄጄ ልማር ትላለች። ልማር ያለን ማን ይከለክላል? ትምህርቱ ግን ምን መሰለዎት? ጫካ ለጫካ መዞር። ጭቃ ለመርገጥ አውሮፕላን ይሳፈራል?”

“ክፍልም አለው አባዬ” አለች ልጅቱ። “ግማሹን ጊዜ ግን ደን ውስጥ ነው የምንማረው። ደኑን ከሚጠብቁት ሰዎች ቤት እያደርን፣ ቋንቋቸውንና ኑሯቸውን እየለመድን።”

“እንጨት ከሆነ እኔ ጋ ሞልቶልሻል።”

“አንተ ጋ የሞላው የተቆረጠው ነው። የቆመውን ማን ያውቀዋል? ልጅ ሳለሁ ሳንቃው ከዚህ ከኮረብታው ጀርባ ነበር የሚመጣልህ። አሁን መኪናው ቀንና ሌሊት ተጉዞ ነው የሚያመጣው። ነገ ከየት ሊመጣ ነው? እየቆረጡ ደናቸው ያላለቀባቸው ሰዎች አሉ። እንዴት እንደቻሉ አብሬያቸው ውዬ ማየት እፈልጋለሁ።”

አናጢው መላጊያውን አስቀመጠ። መልስ ያጣ ሰው ተረት እንደማያጣ አውቃለሁና ጠበቅኩት።

“ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ” አለ።

“እስኪመለስ ይላል እኮ አባዬ። እኔም እመለሳለሁ።”

ሳቄን ዋጥ አደረግሁ። አናጢው ግን አልሳቀም። የጨነቀው የጭቃው ነገር እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። እናቷ ከሞተች ወዲህ እዚያ ቤት የሚሰማው የሁለቱ ድምፅ ብቻ ነው። እሷ ከሄደች ከማን ጋር ሊነጋገር ነው? አሳዘነኝ።

“ለመሆኑ ሙያውን ያስተማሩዎት አባትዎ ናቸው?” አልኩት።

“ኧረ እሳቸው አይደሉም። በእኛ ሙያ ልጅ አባቱ ሱቅ አይሠለጥንም። አባት ወይ አብዝቶ ይራራል፣ ወይ አብዝቶ ይቆጣል። ሌላ ከተማ ላለ ባለሙያ ነው የሰጡኝ። አነጋገራቸው ሌላ፣ አበላላቸው ሌላ፤ መጀመሪያ ሰሞን እያለቀስኩ ነበር የምተኛው። ሰውዬው ደግሞ መጋዝ አላስነካኝም። ከእንጨት ቆራጮች ጋር ጫካ ሰደደኝ። ‘ዛፉን ነፋስ በየት በኩል እንደሚመታው ሳታይ፣ ሳንቃው ለምን እንደሚጣመም አታውቅም’ ይለኝ ነበር…”

እዚህ ሲደርስ ቆም አለ። አንደበቱ ለልጁ ጠበቃ ሆኖ እንደ ቆመላት ገብቶታል።

“ሲመለሱስ?” አልኩ፣ ፋታ ላለመስጠት።

“አባቴ የማያውቁትን ሳንቃ የማጋጠም ዘዴ ይዤ መጣሁ። ‘እስቲ አሳየኝ’ ብለው አጠገቤ ቁጭ አሉ።” ድምፁ ለስለስ አለ።

አስተማሪ ነኝና አጋጣሚውን አላሳለፍኩም። “ልጅዎም የምትሄደው ወደ ሌላ ባለሙያ ነው። ደን የሚያውቅ ሰው ስናገኝ ኮረብታው መልሶ ዛፍ ይለብሳል፤ ምንጩም አይደርቅም፤ የእርስዎም ሙያ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የሌላውን ሕዝብ ኑሮ ቀርቦ ያየ ደግሞ የራሱን አይንቅም። ከራሱ ወግ የቱ እንደሚጠበቅ፣ የቱ እንደሚሻሻል መለየት ይጀምራል። መጽሐፍ የሌላውን ሰው ጥያቄ ይመልስላታል። ዛፉ ሥር ስትቆም ግን የራሷን ጥያቄ ታገኛለች።”

ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ማናችንም ግን አልተነሣንም። አናጢው ወደ ልጁ ዞረ።

“ይከፋኛል” አላት። “ስትሄጂም ይከፋኛል፤ ከሄድሽም በኋላ ይከፋኛል። እሱን ማንም አያስቀርልኝም። ግን ሂጂ።”

ልጅቱ ተነሥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱ በሻካራ እጁ ጀርባዋን መታ መታ አደረገ። ከዚያ እግሯን ቁልቁል አየና፣

“ለመሆኑ ጫካ ውስጥ ሲማሩ ጫማው ምን ዓይነት ነው?” ብሎ ጠየቃት።